ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጎማ

ሰኞ፣ ኤፕሪል 13፣ 2020

የፊት ቀኝ ጎማ ተኝቷል። ምስማር አልወጋውም። እንቅስቃሴ ከተከለከለ ወዲህ መኪናዋ አንድ ቦታ ቆማ ጎኑ ተሰንጥቋል። የሰፈራችን የሜይፌር ጎሚስታዎች ሁሉ ዝግ ናቸው።

ሚስቴ ታደለች የመውለጃ ቀኗ ደርሷል። ሐኪሟ የደም ግፊቷን ስለፈራ «ምጥ ሲጀምርሽ አንድ ሰዓት እንኳ እንዳትጠብቂ» ብሏታል። አምቡላንስ ጠየቅሁ፤ መቼ እንደሚደርስ አይናገሩም።

ደግነቱ ስኮርታ፣ መጠባበቂያ ጎማ፣ አለን። ወንድሟ ማርቆስ ከዓመታት በፊት ከነቸርኬው ገዝቶ «ለክፉ ቀን» ብሎ የኋላ ክፍል ውስጥ ከፍሪዘሩ ጎን አስቀምጦታል። አንድ ቀን አልተነዳበትም። የላስቲክ ፀጉሩ እንኳ አልረገፈም። በክሪክ አንስቼ ገጠምኩት። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ታደለች በመስኮት አጨበጨበችልኝ።

ማክሰኞ

አዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ ስሠራ ያረምኩት አንድ የአሽከርካሪዎች ዓምድ ትዝ አለኝ። የጎማ ዕድሜ የሚቆጠረው ከተገጠመበት ሳይሆን ከተመረተበት ቀን ነው። ጎኑ ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ። የሰው ጽሑፍ ሳርም ቁጥር አያመልጠኝም ነበር፤ ትናንት ግን አላየሁትም።

በባትሪ አየሁ። 2309። የ2009 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት። አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው።

ለማርቆስ ደወልኩ። አሌክሳንድራ ሰፈር፣ ሱቁ ውስጥ ነው የሚያድረው።

«ጋሼ፣ እንደ ልጅ ነው እኮ የያዝኩት! እናንተ ጋ በመጣሁ ቁጥር የተቃጠለ ዘይት እቀባው አልነበር?»

«ዘይት ለምን?»

«እንዲያብረቀርቅ ነዋ!»

ለታደለች አልነገርኳትም።

ረቡዕ

ጠዋት ፊት ለፊታችን ያሉትን ሐጂ ሙሳን ጠራኋቸው። አርባ ዓመት የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ተመላልሰውበታል። ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ስንጥቆቹ ተከፈቱ።

«ጋዜጠኛው፣ ይሄ ጎማ አይደለም። ብስኩት ነው።»

ጥፋቱን ዘረዘሩልኝ። ዘይት ላስቲክ ይበላል። የፍሪዘር ሞተር አጠገብ ጎማ አይቀመጥም፤ ያደርቀዋል። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይም የራሱን ሠርቷል። የእሳቸው ስኮርታ ጨለማ ውስጥ፣ በጥቁር ፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጣውላ ላይ ነው ያለው። ልኩም ቡሎኑም ከእኛ መኪና ጋር አንድ ነው። ግን ጋራዡ ተቆልፏል፤ ቁልፉን ልጃቸው ይዛ ሥራ ሄዳለች። «ማታ ትሰጥሃለች» አሉኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምጡ ጀመረ።

አምቡላንስ ደወልኩ። «ተመዝግቧል፣ ጠብቁ።» አልጠበቅንም። በብስኩቱ ሄድን።

አራት ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሮቦት የሚሉት የትራፊክ መብራት፣ አንድ ኬላ። ከአርባ በላይ አልነዳሁም። ወታደሩ ሆዷን አይቶ በእጁ እለፉ አለን። እሷ ትጸልያለች፣ እኔ መስኮቱን ከፍቼ ጎማውን አዳምጣለሁ። ዳገቱ ላይ ዱብ፣ ዱብ ማለት ጀመረ።

«ምንድን ነው የምትሰማው?» አለችኝ።

«ምንም።»

ደረስን። በኮሮና ምክንያት እኔን አላስገቡኝም። በር ላይ ቦርሳዋንና ክንዷን ተቀብለውኝ ወረቀት ሰጡኝ። ወደ መኪናው ስመለስ ጎማው በውስጥ በኩል ተቀዶ ሽቦው ወጥቷል፤ ቸርኬው መሬት ነክቷል። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ መኪናውን ቆልፌ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ሐሙስ

ሴት ናት! ጠዋት አሥራ ሁለት ከሩብ ላይ ተደወለልኝ። ሕፃኗ ደህና ናት። የታደለች ግፊት ግን አልወረደም። «እየተከታተልን ነው» አለች ነርሷ።

ሐጂ ልጃቸው ማታ በሰጠቻቸው ቁልፍ ጋራዡን ከፍተው ጎማውን አወጡልኝ። የልጃቸው መኪና እሷን ይዞ ሥራ ሄዷል፤ ስለዚህ ክሪኩን በጀርባዬ አዝዬ ጎማውን በእጄ እያንከባለልኩ ጉዞ ጀመርኩ። መንገዱ ባዶ ነው። ተቃዋሚ ሁሉ ጎማ እያቃጠለ መንገድ በሚዘጋበት በዚህ አገር፣ ባዶ መንገድ ላይ ጎማ የሚያንከባልል ሰው ምን ሊያደርግ እንደሆነ ማንም ያውቃል። እኔ ግን ያሰብኩት የወታደሮቹ መኪና አጠገቤ ሲቆም ነው።

«የት ልታቃጥለው ነው?» አለኝ አንደኛው፤ ጠመንጃውን አላወረደም።

የሆስፒታሉን ወረቀት አወጣሁ፣ ክሪኩን አሳየሁ። «ሚስቴ ወልዳ ነው» አልኩት። ወጣቱ ወታደር ሳቀ። ትልቁ አልሳቀም። ቀጥል አለኝ፤ ከኋላ ሊከተሉኝ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ጎማ ከፊቴ፣ ጠመንጃ ከኋላዬ። ዳገቱ ላይ ጎማው አምልጦኝ ወደ እነሱ እንዳይንከባለል ፈራሁ። ሆስፒታሉ ግቢ ገብቼ ቡሎን መፍታት ስጀምር ነው ዞረው የሄዱት።

ዓርብ

ግፊቷ ወርዷል። ዛሬ ይወጣሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልሄድ ነው።

ሐጂን ጎማውን መቼ ልመልስልዎት አልኳቸው። «ንዳበት! ቆሞ ለማንም አልጠቀመም» አሉኝ።

ታደለች በስልክ ለልጅቷ አሮጌውን ብርድ ልብስ አምጣ አለችኝ። ከስምንት ዓመት በፊት፣ ልጅ ተስፋ ስናደርግ የገዛነው አዲሱ ነጭ ግን ከነፕላስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። እሱ ልጅቷ ቸርች ለምትቀርብበት ቀን ነው። ቸርቹ ተዘግቷል፤ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም።

ፕላስቲኩን በመቀስ ቀደድኩት። ስፌቱን ዙሪያውን በጣቴ ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። ነጩን ቦርሳው ውስጥ ከተትኩት። ከተቆጣችኝ ትቆጣኝ።

አራቱንም ጎማዎች ሁለት ሁለት ጊዜ በእግሬ መታሁ። አሁንም እፈራለሁ። ስመለስ ከሠላሳ በላይ አልነዳም።