አንዴ ብቻ ያልሽኝ

ውድ ወለላ፣

ከነገ ወዲያ ሙት ዓመትሽ ነው። ለእናትሽ ለእትዬ አሰለች መንገር ያለብኝን ነገር ዓመቱን ሙሉ በሆዴ ይዤው ከረምኩ። እሳቸው ፊት አንደበቴ እንዳይያዝ መጀመሪያ አንቺው ዘንድ ልለማመደው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ትስቂብኝ ይሆናል። ድሮም «ንጋት ለመተንፈስ እንኳ ልምምድ ያስፈልጋታል» ትይኝ ነበር።

እውነትሽን ነው። አዲስ አበባ ሦስት ወር ሠልጥኜ፣ ወረቀቴን ይዤ ላሊበላ ስመለስ እንግዳ የሚባል የለም፤ ከጦርነቱ በኋላ ሆቴሉ ሁሉ ባዶውን ነበር። ዮጋ ላስተምርበት ያነጠፍኩት ምንጣፍ ላይ የቆምሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ። የምትሠሪበትን የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ አጥበሽ፣ አስጥተሽ፣ እጅሽ ገና ሳይደርቅ ትመጪ ነበር። «ይሄማ ቅዳሴ መቆም ነው፤ መቋሚያው ብቻ ነው የቀረው!» ብለሽ በሳቅ ገደልሽኝ።

አንድ ቀን ዓይናችንን ጨፍነን ተቀምጠን፣ ሰው ውስጥ ሁለት ድምፅ አለ አልኩሽ። አንዱ ወሬኛ ነው፣ አያርፍም፤ ሌላው አዋቂ ነው። «በምን እለያቸዋለሁ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም እንደ ሊቅ ተኮፍሼ፣ «ወሬኛው ሰበብ ይደረድራል። አዋቂው አንዴ ተናግሮ ዝም ይላል» አልኩሽ። ሥልጠናው ላይ የተማርኩት አልነበረም፤ ከየት እንዳመጣሁትም እንጃ። ግን እውነት ነበር።

ጥቅምት ላይ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሄድን ዕለት፣ ዳገቱን ገና ስንጀምር ቆም አልሽ።

«ንጋት፣ ልመለስ።»

«ምነው?»

«እንጃ። ውስጤ ተመለሽ አለኝ።»

ሰበብ አልደረደርሽም። አልደገምሽውምም። እኔ ግን «እሱ የአእምሮ ጫጫታ ነው፣ አትስሚው። ተንፍሺና ቀጥዪ» አልኩሽ። ወለላ፣ ጫጫታው የነበረው እኔ ውስጥ ነው። ጫካው ውስጥ ካለው ትልቅ ጽድ ሥር ፎቶ አንስቼሽ፣ በስልኬ ኢንተርኔት ላይ ለጥፌው እንግዳ ልጠራበት አስቤ ነበር። እሷ ከተመለሰች ማንን አነሳለሁ? ብርሃኑ ሊያልፍብኝ ነው። ስድስት ወር ያስተማረቻት ልጅ ዳገት አቃታት ይሉኛል። ይህን ሁሉ ሳዳምጥ፣ ከሥሩ አንድ ነገር ቀስ ብሎ «ፊቷን እዪ» ብሎኝ ነበር። አላየሁም።

ወጣሽ። በአንድ እግርሽ ቆምሽልኝ፣ ቀኝ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ። ፎቶ አነሳሁሽ። ከዚያ ጽዱን ተደግፈሽ ቁጭ አልሽ፤ ሐኪም ቤት ሳንደርስ መኪና ውስጥ አለፍሽ። ሐኪሞቹ «ልቧ ከታመመ ቆይቷል» አሉን። ማንም አያውቅም ነበር።

ያንን ፎቶ እናትሽ አሳጥበው ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል። ሰው በመጣ ቁጥር «እዩዋት፣ ስትጸልይ ነው የተጠራች» ይላሉ። መጽናኛቸው እሱ ነው። እጅሽ ለምን እዚያ እንደነበረ የማውቀው እኔ ነኝ። ብነግራቸው ያቺኑ አንዲት መጽናኛ ልቀማቸው ነው፤ ዝም ብል ደግሞ እንጀራቸውን እየበላሁ ልዋሻቸው ነው።

*

ትናንት እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። ዛሬ ለነገው ዝክር ምስር ልለቅም እናትሽ ዘንድ ሄድኩ። ሰፌዱን መሃላችን አድርገን ጠጠር ስንለቅም፣ ለአንቺ እንደጻፍኩት አድርጌ ልጀምር ብል ሁሉም ጠፋብኝ።

«እትዬ፣ ልመለስ ብላኝ ነበር። ቀጥዪ ያልኳት እኔ ነኝ። ፎቶው ላይ እየጸለየች አይደለም፤ አሟት ነው» አልኩና አለቀስኩ።

እጃቸው ምስሩ ላይ ቀረ። ይጮኹብኛል፣ ከቤቴ ውጪ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቀና አሉና ፎቶውን አዩት።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «ከቤት ስትወጣም እንዲያው ደረቷን ይዛ ነበር። ‹እማ፣ ዛሬ ብቀርስ?› አለችኝ። ‹ለሰው ቃል ሰጥተሽ? ስንፍናሽ ነው፣ ተነሽ!› ብዬ የገፋኋት እኔ ነኝ። ስትጸልይ ነው የምለው ለሰው እንዳይመስልሽ። ለራሴ ነው።»

ያ ወሬኛ ወዲያው ጀመረኝ። አጽናኚያቸው፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም በያቸው፣ ከመጽሐፍ አንድ ጥቅስ ፈልጊ። ከሥሩ ሌላው አንዴ ብቻ፣ «እጃቸውን ያዢ» አለኝ። ያዝኳቸው። ምስር ተጣብቆበት ነበር። ቆይተን ለቀማውን ቀጠልን።

ስወጣ ፎቶውን ላውርደው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ተዪው፤ አሁን ገና አየኋት» አሉኝ።

ዮጋውን አልተውኩም። ዛሬ ዛሬ ጥቂት ሴቶች ይመጣሉ። አንዷ «ዛሬ ውስጤ አልወደደውም» ካለችኝ፣ ለምን ሳልል ተቀመጪ እላታለሁ። ቀላል ነበር፣ ወለላ። «ተመለሽ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች።

አንዴ ብቻ ነው ያልሽኝ። እኔ በየቀኑ እሰማዋለሁ።

ዘግይታ የሰማችሽ፣
ንጋት