ደጃፍ ላይ የነበረው ጫማ

ለወንድምጋሼ ሰዓድ፣

አሰላሙ አለይኩም። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? እኛም እዚህ ዓለም ጤና ከተማ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ሽንኩርቱም ዘንድሮ አምሮልናል። ይህን የምጽፍልዎትን በስልክ ያልነገርኩዎት ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ነው፤ ልጄ ኑሰይባ ትሰማለች።

አዳማ ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት ለእረፍት ስትመጣ ወሬዋ አያልቅም ነበር። በሁለተኛው ዓመት ዝም አለች፤ በሦስተኛው ምግብ ጠላች። ዘንድሮ ልትመረቅ ስትል ትምህርቱን ትታ መጣች። ለጎረቤት ግን አዳማ ናት እያልኩ ነው። የውጭው በር ሲንኳኳ፣ ማንም ሳይነግራት ጫማዋን ከደጃፍ አንስታ ጓዳ ትገባለች። ያፈርኩባት መስሏታል፤ አልተሳሳተችም።

ለሽንኩርቱ የምንረጨውን መድኃኒት፣ ኑሰይባ ከመጣች ወዲህ፣ ጎረቤቴ ጥሩነሽ ቤት አስቀምጬዋለሁ። ሽታው አስቸገረኝ ብያታለሁ።

ትናንት ጥሩነሽ በሩን ስታንኳኳ ኑሰይባ እንደለመደችው ተነሳች። ጫማውን ከእጇ ተቀብዬ ከኔው ጫማ አጠገብ መለስኩት። በሩን ስከፍትላት ጥሩነሽ አየችውና፣ «ኑሰይባ መጣች እንዴ?» አለችኝ።

«ከመጣች ቆየች» አልኳት፣ አንገቴን ደፍቼ።

ዱዓዎ አይለየን። ሲደውሉ ግን ምርቃቱ መቼ ነው አይበሏት፤ ምን በላሽ ብለው ይጠይቋት።

እህትዎ ፋዲላ