ከንፈሬን የነካችው ጠብታ

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ዛሬም ሳልቆርብ ተመለስሁ፤ ሦስተኛ እሑዴ ነው። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ አንዲት የውኃ ጠብታ ከንፈሬን ነካችኝ። ጾሜን ገደፍሁ ብዬ ቅዳሴ ሳይጀመር ወደ ንስሐ አባቴ ሮጥሁ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ግቢና ቁረቢ። ይህችን ጠብታ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ» አሉኝ። ተሰለፍሁ። ከፊቴ ሁለት ሴቶች ሲቀሩ ሰልፉን ጥዬ ወጣሁ። እማዬ ቆርባ ስትወጣ፣ አፏን በነጠላዋ እንደሸፈነች፣ በዓይኗ ብቻ «ምነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ፒያሳ ያየኝ ሐኪም ይህ መጠራጠር በሽታ ነው እንጂ ኃጢአት አይደለም ብሎኛል። አባም ፈትተውኛል። እኔን ማን ያሳምነኝ? ደከመኝ። ደግሞ አሁን ትዝ ሲለኝ፣ ለአባ «ነካችኝ» አልኋቸው እንጂ «ሳልውጣት አልቀረሁም» አላልኋቸውም። ይህን ሳይሰሙ ከፈቱኝ አልተፈታሁም ማለት ነው። ነገ ያችኑ ጠብታ ይዤ አባ ደጅ እቆማለሁ።