ስዘጋው የሚዘጋ ጭራቅ

እትዬ፣ ይህች ወረቀት ከነልጆችሽ በደህና ታግኝሽ። እኔ ደህና ነኝ።

ሱቁን ትቼ አሁን ቤት ነው የምሰፋው፤ የውጭውን በር ቁልፍ ባለቤቴ ይይዝልኛል። ለራሴም አንገት የሚሸፍን ቀሚስ ሰፋሁ፤ ሙቀቱ ግን አይጣል ነው።

የላክሽልኝን ልብ ወለድ፣ ጭራቁ ሴቲቱን ጠልፎ ዋሻ ውስጥ የሚዘጋባትን፣ ሳነብ ባለቤቴ አገኘኝና «ለካ የምትወጂው እንዲህ ያለውን ነው!» አለኝ። የጅብ ተረት የወደደ ሁሉ ጅብ ይብላኝ አለ እንዴ? እኔ ጭራቁን የወደድኩት፣ በቃኝ ብዬ መጽሐፉን ስዘጋው አብሮ ስለሚዘጋልኝ ነው። ይህን ብነግረው ሳቀብኝ። አሁን «ተው» ባልኩት ቁጥር «የምትወጂውን ነው» ይለኛል።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ብትደውይ የሚያነሳው እሱ ነው። «ደህና ናት» ሲልሽ ግን ስልኩን ቶሎ አትዝጊው።

ታናሽሽ