መብራት ቢጠፋም አይንቀሏት

ውድ ምሥራቅ፣

ከኮልፌ እስከ ቤቴል ባለው አገር እንደ እኔ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የለም። ከጥበቃዎች መካከል ማለቴ ነው። እሺ ይሁን፣ በክሊኒካችን በር ላይ ካለነው ሁለት ጥበቃዎች መካከል፤ እሱም ባልደረባዬ ደግፌ እጁ ስለተሰበረ። የማታ ትምህርት ጨርሼ ወረቀቴን ከተቀበልኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው። መምህርት ፀሎት «ጋሽ ይገዙ፣ መጀመሪያ ለሚወዱት ሰው ይጻፉ» አለችኝ። የምወደው ሰው ቢጠላኝስ? እሱን አላስተማረችንም።

ባለፈው ኮልፌ ገበያው አጠገብ ሞባይል ስትጠግኚ አየሁሽ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጃንጥላ፣ ያቺው ትንሿ መፍቻሽ። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። «ወራጅ አለ!» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድኩና በሌላ መንገድ በእግሬ ተመለስኩ። የአንድ ክሊኒክ ኮምፒውተር በሙሉ በእጇ የነበረች ልጅ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የሰው ስልክ መስታወት ትለውጣለች። እዚያ ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ግን አታውቂም።

ምሥራቅ፣ ማንበብ አልችልም ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀብኝም። እንግዳ ሲመጣ መዝገቡን ወደሱ አዙሬ «ስምዎን በራስዎ እጅ ይጻፉ፣ ደንብ ነው» እላለሁ። ሰው ደንብ ሲባል አይከራከርም። ጋዜጣም እይዝ ነበር፤ ፎቶ ካለው አልገለብጠውም።

መብራት ሲጠፋ ሥራዬ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ መንቀል ነው። ተመልሶ ሲመጣ ከነጉልበቱ ነው፣ ስንቱን ፍሪጅ እንዳነደደ ሰፈሩ ይናገር። አንድ ነገር ቢቃጠል ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥበቃው ነው። ስለዚህ ያገኘሁትን ሁሉ እነቅላለሁ፣ ሲመጣ እሰካለሁ። እንደ እኔ ፈጥኖ የሚነቅል የለም፤ ይህቺኛዋ ጉራ እውነት ናት።

ካሴት የምትቀዳዋ ማሽንሽም ከሚነቀሉት አንዷ ነበረች። ሠራተኛው ሲወጣ የበሽተኞቹን መዝገብ ከትልቁ ኮምፒውተር እየወሰደች ካሴት ላይ ታኖራለች። ባትሪ እንዳላት፣ መብራት ቢሄድም ሥራዋን እንደማታቋርጥ እኔ ምን አውቄ! መብራት ጠፋ፣ ሁለቱን ብሎን ፈትቼ ከትልቁ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኛትን ወፍራሙን ገመድ መዘዝኩ። መብራት መጣ፣ ሰካሁ። ብሎኑን ማን ያጠብቃል!

ጠዋት ስትመጪ ብርቱካናማ መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ኮምፒውተሩም አላያትም። አጥፍተሽ ስታበሪያት መጣች። በማግስቱ ደህና ዋለች፣ ከዚያ ደግሞ ጠፋች። ማጽጃ ካሴት አጎረስሻት። ከኋላ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰክተሽ ሞከርሽ። የባትሪውን ሳጥን አስቀየርሽ። ጠረጴዛ ሥር ስትገቢ የእጅ ባትሪውን የማበራልሽ እኔ ነበርኩ፤ ሌባው ሌባ ፍለጋ ሲያግዝ።

አንድ ቀን ከገመዱ ጥርሶች አንዱ ጎብጦ አገኘሽው።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ነካው?»

«አይጥ ነዋ!»

«አይጥ ብሎን ይፈታል እንዴ?»

«የቤቴል አይጥ ነው ልጄ፣ ኮሌጅ ገብቷል።»

ሳቅሽ፤ ጥርሱንም በመርፌ አቃናሽው። እኔ ያኔውኑ ራሴን ጠርጥሬያለሁ። ሳቅሽ ደስ አለኝና እውነቱን ለነገ አሳደርኩት።

በማግስቱ ማሽኗ ላይ ወረቀት ለጥፈሽ በር ድረስ መጣሽ። ጽዳቷ አስካለማርያም አጠገቤ ቆማለች።

«ጋሽ ይገዙ፣ የለጠፍኩትን አነበቡት?»

«ማንበብ ብቻ? በቃሌ ይዤዋለሁ! ጽሕፈትሽ እንዴት ያምራል!»

የዕቃ ቁጥር መስሎኝ ነበር። ፊትሽ በራ። ከዚያ ወዲያ የሰው እጅ አልጠረጠርሽም። ማሽኗን ጠረጠርሽ፣ ካሴቶቹን ጠረጠርሽ፣ መጨረሻ ላይ ራስሽን። እኔም መንቀሌን ቀጠልኩ።

ትልቁ ኮምፒውተር የሞተ ቀን አራቱን ካሴት ተራ በተራ አስገባሽ። በዙር የሚሠሩ ናቸውና በአሮጌው ላይ አዲሱ ተጽፏል፣ አዲሱም መሐል ላይ ተቆርጧል። አራቱም። አራተኛውን አውጥተሽ እንደገና አስገባሽው። የስኳር ሕመምተኛዋ ወይዘሮ ገበያነሽ የስድስት ዓመት መዝገባቸው ጠፍቶ «ሕመሙ መቼ ጀመረዎት?» ሲባሉ «እኔ አልጠፋሁም፣ የጠፋችሁት እናንተ!» ብለው ወጡ። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰይፈሥላሴ ሰብስቦን «ማን ነካት?» ሲል ወደ እኔ አየሽ። አንገቴን ደፋሁ።

«ማንም አልነካትም» አልሽ። «ጋሽ ይገዙ አንብቤዋለሁ ብለውኛል። እሳቸው አይዋሹኝም።»

በዚያው ሳምንት ስንብት ሰጡሽ፣ ማሽኗንም ዕቃ ቤት ቆለፉባት። ምነው አንድ ጊዜ «እስቲ ያንብቡልኝ» ባልሽኝ! ተይው፤ ይኼም ጥፋቴን ላንቺ ለማካፈል ነው። ወረቀቱ ምን እንደሚል ሰው መጠየቅ አፈርኩ፤ ከመጠየቅ መማር ቀለለኝ። እንዲያ ነው የማታ ትምህርት የገባሁት።

ባለፈው ሰኞ ዕቃ ቤቱ ይጽዳ ተባለና ማሽኗን ለቁራሌው ተሸክሜ ወጣሁ። ወረቀቱ ጀርባዋ ላይ አለ። ቁጭ ብዬ ፊደል በፊደል፣ ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩት፦

«ጋሽ ይገዙ፣ መብራት ቢጠፋም ይህችን አይንቀሏት። ባትሪ አላት። አክባሪዎ ምሥራቅ።»

በስሜ ነበር የጻፍሽልኝ። ገምተሻል ማለት ነው፤ ሰው ፊት እንዳታሳፍሪኝ በወረቀት ነገርሽኝ። በዕድሜዬ ሰው በስሜ ሲጽፍልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። አንብቦ እያወቀ ነቀለ ብለሽ ይሆናል እስከ ዛሬ። አላነበብኩም፣ ልጄ። አንብቦ ከመንቀልና ሳያነቡ አነበብኩ ከማለት የትኛው እንደሚከፋ ግን እኔም አላውቅም።

በዚያው እግሬ አቶ ሰይፈሥላሴ ቢሮ ዘው አልኩ። «ያቺን ልጅ ያለ ጥፋቷ ነው ያባረርካት! ነቃዩ እኔ ነኝ!» አልኩት። አንተ ብዬ! ከወንበሩ ተነሳ። «ጋሽ ይገዙ፣ እንዲህ ያለ ወንድ በዚህ ቤት አላየሁም» ብሎ ውሃ አስመጣልኝ።

ወረቀትሽን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ከጀርባው «ገመዷን የነቀልኳት እኔ ነኝ፤ ምሥራቅ ጥፋት የለባትም» ብዬ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ደመወዝ ላይ ስጭረው የኖርኩት የዶሮ ጭረት ነበር፤ ይኼ ግን ስሜ ነው። ለፈለግሽው ሰው አሳዪው፤ ከሥራዬ ቢያስወጣኝም አሳዪው።

ሥራ አስኪያጁ ካወቀ ወረቀቱ ለምን ያስፈልገኛል ትያለሽ። አያውቅም። ሌላው ሁሉ እውነት ነው፣ ቢሮው ግን አልገባሁም፤ ውሃውንም «ወንድ» መባሉንም ከራሴ ነው ያመጣሁት። በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። «ሳያንኳኩ አይግቡ» ይላል። አነበብኩት። ላንኳኳ እጄን አነሳሁ፣ መልሼ አወረድኩት።

ይገዙ፣
በራሴ እጅ