ማሪት የከፈተችው መስኮት

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለሶልቬይ፦

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽና ልጅሽ ኤሪክስ ደህና ናቸው? እናንተ ኒውዚላንድ ብርዱ ሊገባባችሁ ነው፤ እኛ ገና ከበረዶው መውጣታችን ነው። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ስለ ልጅሽ ስለ ማሪት ጠይቀሽኛል። የነርስነት ልምምዷን እኔ በምሠራበት የሕሙማን ክፍል ጨርሳለች። ሳልዋሽ ልንገርሽ፤ ቀናሁባት። ደወል ተደውሎ ስገባ ሕመምተኞቹ «አይ፣ አንቺን አይደለም፤ ትንሿን ጥሪልን» ይሉኛል። ዕድሜዬን በሙሉ በሠራሁበት ክፍል! አንጀቴ ያርራል። እሷን በመውለድሽ ባንቺም ቀንቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት አስላክ የሚባል ሳንባው ያለቀ ዓሣ አጥማጅ «የባሕሩን ሽታ አምጪልኝ» ቢላት መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችለት። እኛ ዘንድ መስኮት እንዲያ የሚከፈተው ሰው ሲሞት፣ ነፍሱ እንድትወጣ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሴት ልጁ በርግሊዮት ከመኪናዋ ስትወርድ መስኮቱን ተከፍቶ አየችው። እየጮኸች ደረጃውን ወጣች። አባቷ ግን ትራስ ተደግፎ ዋፍል ኬክ ይበላል። «ምነው፣ ለቀብሬ ቸኮልሽ?» አላት። እሷ ማሪት ላይ ጮኸችባት፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሆዴ ቅቤ ጠጣ።

ኃላፊያችን ቦዲል ጠራችን። ከጀርባዋ «ክብር፣ ደኅንነት፣ መተማመን» የሚለው የመሥሪያ ቤቱ መፈክር ተሰቅሏል። «ቱሪድ፣ አሠልጣኟ አንቺ ነሽ፤ ትለፍ ወይስ ትድገም?» አለችኝ። «ትድገም» ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። መጀመሪያ ግን ልማዱን ረስታው እንደሆነ ማሪትን ጠየቅኳት። «አልረሳሁም አክስቴ» አለች። «ነፍሱ ስትወጣ ከምንከፍትለት፣ ነፍሱ ሳለች ብንከፍትለት ምናለ? ጥፋቴ ለበርግሊዮት አለመደወሌ ነው። ሌላ ጊዜ ደውዬ እከፍታለሁ።»

አስላክ እኔን አልጠየቀኝም። እምቢ እንደምለው ያውቃል። ከሁሉ ያንገበገበኝ ይኸ ነው።

«ትለፍ» አልኩ። ቅናቴ የራሴ ነው፤ ሥራው ደግሞ ሥራ ነው። እሷም ሥራውን ትችላለች። አቅፋ ስትስመኝ ግን ጉንጬን ሰጠኋት እንጂ አላቀፍኳትም። ስለዚህ «ደስ አለሽ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂኝ። ልጅሽ አልፋለች፤ ያሳለፍኳትም እኔ ነኝ።

ለባልሽ ለግራሃም፣ ለኤሪክ፣ ለአማትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ማሪት ሰላምታዋን ራሷ ትጻፍልሽ፤ የሷን እንኳ እኔ አላደርስም።

እህትሽ ቱሪድ
ስትራንዳኔስ፣ ኖርዌይ
ሜይ 9 ቀን 2018