ከማዕዘኑ የተንጠለጠለው የሽቦ ሳጥን

ለተወደድሽው የልጄ ልጅ፣ ለጉጉቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ፣ እንቅልፍሽስ? ዓይንሽስ ከመጽሐፍ ላይ ተነቅሎ አረፍ ይላል? አክስትሽ «ከስታለች» ብላ የላከችብሽን ወሬ አላመንኩም፤ አንቺ ድሮስ የክር ጫፍ አልነበርሽ! እኔ ጉልበቴ ከእኔ ጋር ተኳርፎ ከመዋሉ በቀር ደኅና ነኝ። ናፍቆትሽ ግን በመርፌ ቀዳዳም ይገባል።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ኮረንቲ የሚገቱ ዐሥራ ሁለት እኩል ሬዚስተሮች በሳጥን ቅርጽ ተያይዘው፣ ኮረንቲው በአንዱ ማዕዘን ገብቶ በተቃራኒው ሲወጣ ጠቅላላ ሬዚስታንሱ ስንት ነው ተብለሽ፣ ወረቀቱን በቀመር ሞልተሽ ወደቅሽ አሉ። «አባባ፣ የድጋሚውን ፈተና ትቼ መጥቼ ከእርስዎ ጋር ልብስ ብሰፋ ይሻለኛል» ብለሻል። እውነቱን ልንገርሽ? ደስ አለኝ! የልጅ ልጁ ስታለቅስ ደስ የሚለው አያት ካልሰማሽ፣ ይኸውልሽ። ወዲያው ሥራ ፈትቶ የቆመውን የስፌት መኪና ዘይት ቀባሁት።

ከጎኔ ሬዲዮ የሚጠግነው ጓደኛዬ ብልጭታው ግን የላክሽውን ሥዕል አየና፣ «ይሄ ከቀመር በፊት ዓይን ነው የሚፈልገው» አለ። እልህ ያዘኝ፤ የልብስ መስቀያ ሽቦዎቼን ቆራርጬ ሳጥኑን ሠራሁት። የልብስ ሰፊ እጅ መቼም ሁለት ወገኑ እኩል የሆነ ነገር ሲያገኝ ማጠፍ ነው የሚቀናው። ሸሚዝ ትከሻ ለትከሻ እንደሚገጠም፣ መግቢያውን ማዕዘን ከመውጫው ጋር ገጠምኩና «ይኸው፣ አለቀ!» አልኩት። ብልጭታው ሳቁ አስነጠሰው። «አንተ ሰውዬ፣ ሾርት አደረግከው እኮ! መግቢያና መውጫው ከተሳሳሙ ኮረንቲው ምን በወጣው ሌላውን ይዞራል? ሱሪ መሰለህ እንዴ!» ሽቦውን አቃንቶ፣ ከመግቢያው ማዕዘን በክር አንጠልጥሎ መስኮቱ ላይ ሰቀለውና «ዝም ብለህ እየው» ብሎኝ ሄደ።

አየሁት፣ ጉጉቴ። ፀሐይዋ ዘንበል ብላ፣ ሳጥኑ በቀስታ ይዞራል፤ ጥላውም በተቆለሉት ጨርቆች ላይ ይሄዳል። ትንሽ ዞር ይልና እንደገና ያው ራሱ ይሆናል፤ የቱ ሽቦ የቱ እንደነበር ይጠፋብኛል። እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ እንጃ፣ እኔው ኮረንቲ ሆኜ ከላይ መውረድ ጀመርኩ። ሦስት መንገድ ገጠመኝ፤ አንዱን ከአንዱ የሚያስመርጥ ነገር የለም፣ ስለዚህ ለሦስት ተከፈልኩ። ሦስታችንም ወርደን ሦስት ማዕዘን ላይ ቆመን ተያየን። ማንም ከማንም ከፍ አይል፣ ማንም ወደ ማንም የሚሄድበት ምክንያት የለው። ክር አምጥቼ ሦስቱን ማዕዘኖች እንደ አዝራር አንድ ላይ አሰርኳቸው፤ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ እያንዳንዳችን ለሁለት ተከፈልን፣ ስድስት ሆንን። ከታች ባሉት ሦስት ማዕዘኖች ሁለት ሁለት ሆነን ተገናኘን፤ እነሱንም አሰርኳቸው። በመጨረሻ በሦስት መንገድ ወርደን መልሰን አንድ ሽማግሌ ሆንን።

ስባንን ሳጥኑ ከዓይኔ ጠፍቶ ነበር፤ የቀረው ሦስት መንገድ፣ ከሥሩ ስድስት፣ ከሥሩ ደግሞ ሦስት። ብልጭታውን ጠርቼ ብነግረው፣ «ያንን ነው እኮ ያልኩህ! እኩል የሆኑትን እሰርና ደምር፤ ሦስት እኩል መንገድ ጎን ለጎን ሲቆም የሚገታው የአንዱን ሲሶ ነው» አለኝ። አንድ ሦስተኛ፣ አንድ ስድስተኛ፣ አንድ ሦስተኛ። ድምሩ የአንዱ ሬዚስተር አምስት ስድስተኛ ይሆናል ይላል። እኔ ክፍልፋይ የማውቀው በጨርቅ ነው፤ አንቺ አረጋግጪው።

ይህን ሳልጽፍልሽ ሰነበትኩ። ፈተናው ካመለጣት ትመጣ የለ ብዬ። ሽማግሌ ይጃጃል፣ ተንኮሉ ግን አይጃጅም። ብትቀሪም ብትመጪም ለእኔ እኩል ነው ልልሽም ነበር፤ ግን እኩል አይደለም፣ መምጣትሽ ያመዝንብኛል። ስለዚህ በዚህ ነገር እኔን አትስሚኝ። ቁጭ ብለሽ ተፈተኚ። ወድቀሽ ብትመጪ የአዝራር ቀዳዳ መሥራት አስተምርሻለሁ፤ ሳትፈተኚ ብትመጪ ግን እናትሽን ነው የምለቅብሽ።

አክስትሽን ሳሚልኝ። ባሏንም ሰላም በይልኝ፤ ማንኮራፋቱ እንዴት ነው? እናትሽ «ትብላ» ብላለች። ብልጭታው «ሾርት እንዳታደርግ» ይልሻል። አያትሽም ትስምሻለች። ትናንት «መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ፤ «ፈተና አላት» አልኳት። «ታልፍ ይሆን?» አለች። «ያንቺ ዘር ናት፣ ምን ይደረግ፣ ታልፋለች» አልኳትና ሁለታችንም እኩል ተከዝን።

አያትሽ
ከስፌት ቤቱ፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን